ከጎረቤቴ አበባ ሥር የደፋሁት ኖራ

ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ራሴን ደህና ሰው አድርጌ እጽፈው ነበር። ግን ሆኗል... የሆነውም በእኔ ነው።

ኢሽቤል እባላለሁ። የምኖረው በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ ዝናብ በማይለቃት አንዲት መንደር ነው። ቀኑ የግንቦት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

መጀመሪያ ግን ያደረግሁትን ልናገር።

ጓሮዬ ውስጥ ሮዶደንድሮን የምትባል አንዲት የአበባ ቁጥቋጦ ነበረችኝ። ስድስት ዓመት የዝናብ ውሃ አጠራቅሜ አጠጣኋት። የጥድ ቅጠል ለቅሜ ሥሯን አለበስኳት። አንድ ዓመት ሦስት አበባ ሰጠችኝ... በቢጃማዬ ዝናብ ላይ ቆሜ ሳያት ዋልኩ።

ከዚያ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። እምቡጧ ሳይፈነዳ ይረግፍ ጀመር።

ከአጥሩ ማዶ ያለችው የሽማግሌው ጎረቤቴ የሄክተር ሮዶደንድሮን ግን በየግንቦቱ ደም መስላ ትፈነዳለች።

«ያንቺዋ ዘንድሮም ጡረታ ላይ ናት?» ይሉኛል።

እስቃለሁ። አንጀቴ ግን ያራል።

አንድ ቀን እህታቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ሮዶደንድሮን ኖራ እንደሚገድለው አውቃለሁ... ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ባልዲ ኖራ በጥብጬ የአበባቸው ሥር ላይ ደፋሁት።

ብርዱ ሲገባ መድረቅ ጀመረች። ሄክተር በሬን አንኳኩ።

«ልጄ... ምን ነካት? ዩና በእጇ የተከለቻት እኮ ናት።»

ዩና የሞተችው ሚስታቸው ናት።

«ዝናቡ በዝቶባት ነው» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

እንግዲህ በዚያ የግንቦት ቅዳሜ ጭጋግ ነበር። ከጓሯቸው ድምፅ ሰማሁ።

ጫር... ጫር...

የጓዳዬን በር ክፍት ትቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። የደረቀችው ተክል ሥር ተምሷል። ኖራው ከአፈሩ ተለቅሞ ለብቻው ተከምሯል።

ዝናብ እየጣለ ነው... ክምሩ ግን ደረቅ ነው።

አፈሩ ላይ የአካፋ ምልክት የለም። የጣት ነው። የቀጫጭን ጣቶች።

ሄክተር በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ማነው የቆፈረው?» አልኳቸው።

«ቀስ በይ... ትሄድብኛለች» አሉ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ከሰኞ ጀምሮ ትመጣለች። አበባሽን ማን ገደላት ብዬ ብጠይቃት... አትነግረኝም።»

 ደብቄ መኖር አልቻልኩም።

«ሄክተር... አንድ ነገር ልንገርዎት...»

ያኔ ዩና ከግንዱ ኋላ ተነሳች። እጇ እስከ አንጓዋ ነጭ ነው። የምታየው ባሏን አይደለም፤ እኔን ነው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም... ብትቆጣ በተሻለኝ።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ምን ልትዪኝ ነበር፣ ልጄ?» አሉ ሄክተር።

«ምንም» አልኩ። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ኖራውን አንድም ሳታስቀር በሽርጧ አፈሰች። አጥሩን ተሻገረች። በአጠገቤ አልፋ ጓዳዬ ገባች።

በሩ ተዘጋ።

ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ... ኖራዬን ይዛ ከእኔ ጋር ልትኖር ነው።