ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቆመው ሰው

እውነት ብትዘገይም መምጣቷ አይቀርም ይባላል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም የዘገየችባቸው ሰዎች በመዘግየቷ ያጡትን ዘመን ማንም አይመልስላቸውም።

ናሁሰናይ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበር። አንድ የመጋዘን ዘበኛ ተገድሎ በተገኘ ጊዜ፣ «በዚያ ሲያልፍ አይቼዋለሁ» ባለ ምስክር ቃል ተፈርዶበት ወጣትነቱን በእስር ቤት ጨረሰ። አደገኛ ነው ስለተባለም ከዚያ ዘመን አብዛኛውን ያሳለፈው ክንዶቹን ሲዘረጋ ሁለቱን ግድግዳዎች በሚነካበት ክፍል ውስጥ፣ ለብቻው ነው። እውነተኛው ገዳይ ከዓመታት በኋላ በሌላ ወንጀል ተይዞ ያንንም ሲናዘዝ፣ ፍርድ ቤቱ ናሁሰናይን «ነፃ ነህ» ብሎ አሰናበተው።

ድሬዳዋ ሲመለስ እናትና አባቱ በሕይወት አልነበሩም። የተቀበሉት የአባቱ የልጅነት ወዳጅ፣ በመጋላ ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያላቸው ሶማሌው ጋሽ ዳሂር ነበሩ። የአባቱን ቤት ቁልፍ ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀው አስረከቡት፤ በሱቃቸው በረንዳ ላይም የተበላሹ ቬንትሌተሮችን የሚጠግንበት ቦታ ሰጡት።

ነገር ግን ለዓመታት በሌላ ሰው ፈቃድ የተንቀሳቀሰ እግር በአንድ ቀን የራሱ አይሆንም። ናሁሰናይ ክፍት በር ፊት ቆሞ «ግባ» እስኪሉት ይጠብቅ ነበር።

«አቦ፣ ናሁ! በሩ ክፍት ነው እኮ። ማንን ነው የምትጠብቀው?» ይሉታል ጋሽ ዳሂር።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«የጎረቤት ፍየል እንኳ ሳታስፈቅድ ትገባለች፣ ወላሂ! አንተ ከእሷ ታንሳለህ?»

ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ እንደተሳነው ባዩ ጊዜ፣ እዚያው መጋላ ወዳለ መነጽር ቤት ላኩት።

በመነጽር ቤቱ ዐይን የምትመረምረው ዲና የምትባል ወጣት ነበረች። ቀልጣፋ ናት፤ ንግግሯ ፈጣን፣ እጇ ግን የረጋ። ከፊደል ሰሌዳው ፊት ለፊት አስቀምጣው «ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ» አለችው።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን አልተሰማም።

«ወንድሜ፣ የምመረምረው ዐይንህን ነው ወይስ ጉሮሮህን?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ ድምፁን ለማውጣት እየታገለ።

«በዚህ ሙቀት ‹ያድርጉልኝ›! አንቺ በለኝ፤ ይቀልልሃል።»

መርምራው ስትጨርስ መብራቱን አጠፋች። «ዐይንህ ጤነኛ ነው። መነጽር አያስፈልግህም። ሩቅ ማየት ትቶ የቆየ ዐይን ነው እንጂ። ሥራህ ምንድን ነው? ስፌት? የሰዓት ጥገና?»

«ግድግዳ።»

«ግንበኛ ነህ?»

«አይደለሁም። ግድግዳ ሳይ ነው የኖርኩት።»

ዲና ቀና ብላ ፊቱን አየች። ታሪኩ በከተማው የተወራለት ሰው መሆኑን ያወቀችው በዚያች ቅጽበት ነበር። «አይዞህ» አላለችውም፤ ከንፈሯንም አልመጠጠችም። ናሁሰናይ ከወጣ ጀምሮ ያልታዘነለት የመጀመሪያ ጊዜ ስለነበር፣ ዝምታዋ እንደ አክብሮት ተሰማው።

«መድኃኒቱን ልንገርህ» አለች በመጨረሻ። «ከሥራ ስትወጣ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቁምና ተራራውን እየው። እስኪጠራልህ ድረስ፤ በየቀኑ።»

«ብቻዬን?»

ጥያቄው አምልጦት ነበር። አንገቱን ደፋ።

«ብቻህን መሆንስ እስካሁን የበቃህ ይመስለኛል። ቤታችን ከዚራ ሰፈር ነው፤ በድልድዩ ሳልፍ አይሃለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተራራው ከሰማዩ ጋር የተቀላቀለ ግራጫ ነገር ነበር። ቆይቶ ጫፉ ተለየ፤ ቀጥሎም በገመገሙ ላይ ያሉት ዛፎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ከድልድዩ በታች በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ዲና ከአጠገቡ ቆማ «ዛሬ ምን ጨመረ?» ትለዋለች፤ እሱም ያየውን ይቆጥርላታል። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ፀሐይዋ ትጠልቅና ይለያያሉ። ዝምታ ለናሁሰናይ የቅጣት ስም ሆኖ ኖሮ ነበር፤ ሰው አብሮት ዝም ሲል ሌላ ነገር እንደሚሆን የተማረው በዚያ ድልድይ ላይ ነው።

አንድ ቀን ተራራውን ትቶ እሷን ሲያይ ያዘችው።

«መድኃኒቱ ወዲያ ነው» አለች፣ በአገጯ ወደ ተራራው እያመለከተች።

«ተራራውን ጨረስኩት። ያልጨረስኩት አንቺን ነው።»

«አንቺ» ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዲና ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች።

ለበዓል ሸሚዝ ልትመርጥለት ታይዋን ወደሚባለው የልብስ ገበያ የወሰደችው ከዚያ በኋላ ነበር። መተላለፊያው ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ፣ የነጋዴው ጥሪ ከየአቅጣጫው ነው። አንዱ ሻጭ ሱሪ ሊያሳየው ክንዱን ጨበጠው። ናሁሰናይ ጨርቆቹ የተሰቀሉባቸው ሁለቱ ግድግዳዎች ሲጠጉበት ታየው፤ ዲናን ከነዕቃዋ ትቶ ሮጠ።

አስፋልቱ ጋ ደርሶ እስኪረጋጋ ድረስ የመብራት ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። ወደ ቤቱ የሚወስደው ባጃጅ ከፊቱ ቆሞ ነበር። አልገባበትም። ተመልሶ ወደ ግፊያው ገባና፣ ከእስር ከወጣ ወዲህ ያላሰማውን ድምፅ አውጥቶ «ዲና! ዲና!» እያለ ተጣራ።

«ዲናዬ፣ ኧረ ነይ ውሰጂው! ገበያችንን በተነብን!» አለች አንዲት ጨርቅ ሻጭ፤ መተላለፊያው በሙሉ ሳቀ። ዲናም እየሳቀች መጣች፤ ዐይኗ ግን ዕንባ ሞልቶት ነበር።

ወሬ ግን ከሥራ ሁሉ ግማሹን ብቻ መሸከም ይወዳል፤ የሚመርጠውም የከፋውን ግማሽ ነው። ሲሮጥ ያየ የሩቅ ዘመድ ሲመለስ ሳያይ ሄዶ፣ ለዲና አባት ለአቶ ሀብተ ማርያም ያየውን ነገራቸው።

ናሁሰናይ ይህን ሳያውቅ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ዳሂርና የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሪጌታ ኒቆዲሞስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ከዚራ ሄዱ፤ እሱም እንደ ደንቡ ቤቱ ሆኖ ጠበቀ። ጋሽ ዳሂር ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ቀጠሮ ሰጥተውናል! ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ብለውናል።»

ደንቡን ለሚያውቅ ይህ መልካም ምልክት ነው፤ የተከበረ ቤት ልጁን በመጀመሪያ ጥያቄ አይሰጥም። ናሁሰናይ ግን እኩዮቹ ሽማግሌ ሲልኩና ሲዳሩ በተማሩበት ዕድሜ ታስሮ የነበረ ሰው ነው። እሱ የሚያውቀው ቀጠሮ የችሎት ቀጠሮ ነበር፤ እሱ በሌለበት ሰዎች ይመክራሉ፣ ቀን ይቆርጣሉ፣ በመጨረሻም በር ይዘጋበታል። ጋሽ ዳሂርን ደጃፍ ላይ ትቶ ቤቱ ገባና፣ ከተፈታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ሥራም አልወጣ፣ ድልድዩም ላይ አልታየ።

በሦስተኛው ቀን ዲና መጥታ አንኳኳች።

«ናሁሰናይ፣ ክፈት።»

«አባትሽ አልፈለጉኝም። ጨዋ ስለሆኑ በቀጠሮ አሳበቡ እንጂ።»

«ማን ነገረህ?»

«ቀጠሮን አውቀዋለሁ።»

ሳቋ በበሩ ስንጥቅ ገባ። «አንተ ሰው! አባቴ እናቴን ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው በሦስተኛው ነው እሺ የተባሉት። ታዲያ እኔ በአንድ እሑድ ‹እነኋት፣ ውሰዷት› የምባል ሻንጣ ነኝ?»

ቀጥሎ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ስማኝ። አባባ የፈራው ነገርስ አለ። እስርህን አይደለም፤ የተፈረደብህ በሐሰት እንደሆነ ያምናል። ገበያ መሀል ጥለኸኝ እንደሸሸህ ነግረውታል። ይህን ጋሽ ዳሂርም መሪጌታም ሊመልሱልህ አይችሉም።»

ቁልፉ ሲዞር ተሰማ።

በቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲነሡ፣ ናሁሰናይን ያንን ከታይዋን የተገዛ ሸሚዝ ለብሶ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኙት።

«የት ልትሄድ?» አሉ ጋሽ ዳሂር።

«ከእናንተ ጋር።»

«አቦ፣ ተው እንጂ! ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሲሄድ የት አይተሃል? መሳቂያ ልታደርገን ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ ብዙ ተወስኗል። እምቢ ቢሉኝም ቆሜ ልስማው።»

ጋሽ ዳሂር ወደ መሪጌታ ዞሩ። መሪጌታ ጺማቸውን እየዳሰሱ አሰቡ። «ጠያቂው እንዲቀር የተደረገው እንዳያፍር ነው» አሉ። «እሱ እፍረቱን ከቻለው እኛ ምን ቸገረን? ይምጣ።»

የአቶ ሀብተ ማርያም ቤት ከምድር ባቡር ዘመን ቤቶች አንዱ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ። እሳቸውም በባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ነገራቸውን ሁሉ በሥርዓት የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ናሁሰናይ ከኋላቸው ቆመ።

«ይህ ማነው?» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም፣ ማን እንደሆነ እያወቁ።

«ጠያቂው ራሱ ነው» አሉ ጋሽ ዳሂር። «ብንከለክለው እምቢ አለን። ጥፋቱ የእኛ አይደለም፣ ወላሂ።»

«በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሽምግልና አላየሁም። ደኅና፤ ከመጣህ አንተው መልስ። ልጄን በገበያ መሀል ጥለሃት ሸሽተሃል ተባልኩ። እውነት ነው ወይስ ሐሰት?»

ናሁሰናይ ከዓመታት በፊት እንዲሁ ቆሞ ተጠይቆ ነበር፤ «ሐሰት ነው» ቢልም ያመነው አልነበረም። ዛሬ በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተከሰሰ፤ ይህኛው ክስ ግን እውነት ነበር።

«እውነት ነው» አለ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። «ሸሽቻለሁ። ሰው ሲበዛብኝ ግድግዳ የሚጠጋብኝ ይመስለኛል። ወደፊትም ሊደርስብኝ ይችላል፤ አይደርስብኝም ብዬ አልምልልዎትም። የምምልልዎት እንደምመለስ ነው። ያን ቀንም ተመልሻለሁ።»

«ስሟን እየጠራ ገበያውን ሲያምስ እንደነበር ነግሬህ አልነበር?» አሉ የዲና እናት ወይዘሮ ተሻለች፣ ከመቀመጫቸው ሆነው። «ጨርቅ ሻጯ እስካሁን እየሳቀች ነው።»

«ነግረሽኛል» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም፣ ዐይናቸውን ከናሁሰናይ ሳይነቅሉ። «መሸሹንም መመለሱንም ሰምቻለሁ። የጠየቅሁት ይዋሸኝ እንደሆነ ለማወቅ ነው።» ቀጥለውም ድምፃቸውን ከረር አደረጉ። «አንተ ግን ቦታህን ተሳስተሃል። እዚያ መቆም አይገባህም።»

ናሁሰናይ ልብሱን አስተካክሎ ሊወጣ ዞረ።

«ወዴት ነው? ወዲህ ነው ያልኩህ!» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም፣ በወይዘሮ ተሻለች አጠገብ ያለውን ወንበር እያሳዩ። «እዚያ የሚቆሙት ልመና የመጡ እንግዶች ናቸው። አንተ ከእኛ ወገን ተቀመጥ።»

ናሁሰናይ ሳሎኑን ተሻግሮ ተቀመጠ። ወይዘሮ ተሻለች እጁን ያዙት።

«ቆይ እንጂ!» አሉ ጋሽ ዳሂር ግራ ተጋብተው። «እኛ አሁን የምንለምነው ማንን ነው? ሙሽራውንም ጭምር?»

«ሙሽራውንም ጭምር» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም፣ ፈገግ ሳይሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የዲና ሳቅ ፈነዳ።

መሪጌታ ኒቆዲሞስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ በሙሉ ክብርም ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለው ጠየቁ። አቶ ሀብተ ማርያም ከባለቤታቸው ጋር ተያዩ። ከዚያም ወደ ናሁሰናይ ዞሩ።

«እኛ ተስማምተናል። የቀረኸው አንተ ነህ። ምን ትላለህ፤ እንስጥ ወይስ ሌላ ቀጠሮ እንቁረጥላቸው?»

ዲና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ናሁሰናይ አያት፤ ቀጥሎም በፊቱ የቆሙትን ሁለት ሽማግሌዎች አየ።

«ብዙ ቆመዋል» አለ። «እንስጣቸው።»

የወይዘሮ ተሻለች እልልታ በሰፊው መስኮት ወጥቶ እስከ መንገዱ ተሰማ።