በራዳና አልጋ ላይ

የበሩ ደወል ሲጮኽ አፖሌና በእህቷ አልጋ ላይ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተኝታ ነበር። አንድ ጊዜ ጮኸ። ቆይቶ ደግሞ ረዘም አድርጎ ጮኸ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በዚህች የሞራቪያ ክፍለ አገር ከተማ የሰው በር የሚደውል ጤነኛ ሰው የለም። ማን እንደመጣ ወዲያው ገባት።

ከታች የእናቷ የሚላዳ ድምፅ ተሰማ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ኧረ ተነስተናል፣ አልቀሰቀሱንም!» ውሸት ነው፤ እናቷ ገና አሁን ከአልጋ መውረዷ ነበር። «የቤት ጫማ እዚያ አለልዎት፣ ሰማያዊው የእንግዳ ነው። ራዳናን አሁን እጠራልዎታለሁ።»

ጉድ ፈላ! ራዳና የት አለችና ነው የምትጠራው?

ራዳና የሃያ ዓመት ወጣት፣ ከአፖሌና በአምስት ዓመት የምትበልጥ፣ ኑሮዋ ሜዳ ቴኒስ የሆነ ተጫዋች ናት። እዚያ ደረጃ የደረሰ ተጫዋች ሁሉ የት እንደሚያድርና በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ያህል መቼና የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። አበረታች መድኃኒት መውሰድ አለመውሰዱን የሚመረምሩት ሰዎች ሳይነግሩ ይመጣሉ። በዚያች ሰዓት ካጡት ይመዘገብበታል። በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጣ ሽንቱ ንጹሕ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ የለም፤ እስከ ሁለት ዓመት ከሜዳ ይታገዳል። ራዳና ሁለቱን ጨርሳለች።

የመጀመሪያው ባለፈው መኸር፣ ቤተሰቡ በሙሉ ፀሐይ ሳትወጣ እንጉዳይ ለመልቀም ጫካ የገባ ዕለት ነው። እንጉዳይ ሲወጣ በዚህ አገር ሰው ሌላው ነገር ሁሉ ይረሳዋል፤ እነሱም ቦታ መቀየራቸውን ማሳወቅ ረሱ። ሁለተኛው በፀደይ ነበር። ራዳና «ሩጫ ወጥቼ ነበር፣ ስልኬም ጠፍቶ ነበር» አለች። ማንም አላፋጠጣትም። አፖሌናም አልጠየቀቻትም፤ ግን ነገሩ ደረቷ ላይ እንደ ትኩስ ድንች ተቀምጦ ቀረ።

ራዳና የት እንደምትገኝ የሚመዘገብበትን የስልክ መተግበሪያ የምትሞላው እናታቸው ናት። «ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ልጄ አልጋዋ ላይ ናት፣ ይምጡና ያግኟት!» ብላ በየቀኑ ያችኑ ሰዓት ትሞላለች። ራዳና ደግሞ ለእናቷ እውነቱን አትናገርም። እናቲቱ የተነገራትን ለመርማሪዎቹ ታስተላልፋለች፤ እንዲህ እያለ አንድ ቤት ውስጥ የተጀመረ ውሸት ስንት አገር ያቋርጣል።

በቅርቡ ራዳና አፖሌናን ጥግ አስይዛ አነጋግራት ነበር።

«አልፎ አልፎ ማታ እኔ አልጋ ላይ ተኚልኝ። እማ በር ከፍታ ስታይ ጉብ ያለ ነገር ካለ ትመለሳለች።»

«አንቺ ወዴት ልትሄጂ?»

«ኤጭ! ምን አገባሽ? ጥቁሩን ራኬቴን ውሰጂ፣ አንቺ ጋ ይቅር።»

አፖሌና ራኬቱን ወሰደች፤ ዝም ማለትም ጀመረች። የቴኒስ ክለቡ ውስጥ ቪት የሚባል ለካፊ ልጅ ሰው ሁሉ ፊት «እህትሽ ምንድን ነው የምትበላው? አምና ኳሷ መረቡን ለምኖ ነበር የሚያልፈው፣ ዘንድሮ ግድግዳ ያፈርሳል!» ሲል ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ወደ ቤት ስትመለስ በራሷ ተናደደች፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኗ አላርፍ አለ። ራዳና መታጠቢያ ቤቱን ለምን ትቆልፋለች? ያ ስም ያልተጻፈበት የዱቄት ጣሳ ምንድን ነው? የታመመው ትከሻዋስ እንዲህ ፈጥኖ እንዴት ዳነ? ጥርጣሬ ክፉ ነገር ነው፣ አንዴ ከገባ የሚበላውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል።

የክፍሉ በር ተከፈተ። ሚላዳ ራዳናን በቁልምጫ «ራዳንካ፣ ተነሺ እናቴ» ብላ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችና ደርቃ ቀረች። በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው። አፖሌና ጩኸት ጠብቃ ነበር። እናቷ አልጮኸችም፤ ይኼ ይበልጥ አስፈራት።

«የት ናት?»

«አላውቅም።»

«አፖሌና!»

«እውነቴን ነው እማ፣ ነግራኝ አታውቅም።»

ሚላዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇን ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ አየቻት፤ ልብስ ሰፊ ሰው እንደሚለካ ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ተነሺ። ጸጉርሽን ወደ ኋላ እሰሪ።» መሳቢያውን ከፈተችና የራዳናን መታወቂያ አወጣች። «ፎቶው የቆየ ነው፣ ቁጭ አንቺን ነው የሚመስለው። መርማሪዋ ደግሞ አዲስ ናት፣ ራዳናን አይታት አታውቅም። ኩባያው ውስጥ ትሸኚያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ።»

«እማ፣ አብደሻል እንዴ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ! የእህትሽ ዕድሜ ልክ ልፋት ነው ገደል የሚገባው! እኔ ሥራዬን ትቼ በየአገሩ መኪና የነዳሁት ለዚህ ነው?» መታወቂያውን እጇ ውስጥ አስጨበጠቻት። «ምንም አትሆኚም። ያንቺ እንደሆነ ንጹሕ ነው።»

አፖሌና ቀና አለች።

«የራዳናስ?»

 የእናቷ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች በሹክሹክታ። «የት እንደምታድር እንኳ የማላውቅ ሰው፣ ምኑን አውቄ?»

አፖሌና ክው አለች። ለካ እናቷም ስትጠረጥር ነው የከረመችው! ስልኳን አንስታ ለራዳና ደወለች። ደጋግማ ደወለች። በመጨረሻ ራዳና እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ አነሳችው።

«ምን ሆነሻል፣ በዚህ ሰዓት?»

«መጥተዋል።»

 ከበስተጀርባ የወንድ ድምፅ «ማን ነው?» አለ።

«ብርኖ ከተማ ነው ያለሁት» አለች ራዳና። «ሉቦር ጋ።»

ሉቦር እናታቸው በክረምት ያባረረችው የአካል ብቃት አሠልጣኝ ነው። ለምን እንደተባረረ ለአፖሌና የነገራት የለም። ክለብ ውስጥ ፍቅር ነው ያለ አለ፣ ሌላም ነገር ያለ አለ።

«ራዳና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትወስጂው ነገር አለ?»

«አፍሽን ያዢ! አንቺም እንደነሱ ሆንሽ? አልወስድም፣ ሲያምርሽ ይቅር!»

«እንግዲያው ነይ! አሁኑኑ መኪና ውስጥ ግቢና ነይ። እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቃሉ፣ ትደርሺ ይሆናል።»

«አልደርስም።»

«ሞክሪ እንጂ!»

«አልደርስም አልኩሽ እኮ። እማ ምን አለች?»

አፖሌና ነገረቻት። የራዳና ድምፅ ለሰለሰ።

«አፖሊንካ፣ እማ ያለችሽን አድርጊ። ለኔ ስትይ። ሽንት ብቻ እኮ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። አፖሌና መታወቂያውን እንደጨበጠች ቆመች። ራዳና ንጹሕ ብትሆን ኖሮ፣ አለች በልቧ፣ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ነበር የምትሮጠው። ወይስ ደንግጣ ነው? ወይስ እናታቸውን ፈርታ? ምስኪን ልጅ፣ የቱን እንደምታምን ጠፋት። እህቷን ትወዳታለች፤ ያስጨነቃትም እሱ ነው።

«ምነው ቆያችሁ?» አለች ሴትዮዋ ከታች፣ በትህትና።

ሚላዳ ጀርባዋን ገፋ አደረገቻት። ደረጃውን ወረዱ።

መርማሪዋ ወይዘሮ ሃቭራንኮቫ ማእድ ቤት ውስጥ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሰማያዊው የቤት ጫማ ሰፍቷታል። ሚላዳ ያቀረበችላትን ኬክ አልነካችም። ጸጉሯ የሸበተ፣ ፊቷ ደግ የሚመስል ሴት ናት፤ ደግነቷ አፖሌናን ይበልጥ አስጨነቃት።

«ደህና አደርሽ፣ ራዳና። ከእንቅልፍሽ ስላስነሳሁሽ ይቅርታ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው። መታወቂያሽን ልየው?» ብላ እጇን ዘረጋች።

አፖሌና የእናቷን ትንፋሽ አንገቷ ላይ ሰማችው። «እነሆ» ብሎ መስጠት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ከዚያስ? ራዳና በሚቀጥለው ሳምንት ትጫወታለች፣ ታሸንፍም ይሆናል፤ ሰው ተነስቶ ያጨበጭባል። እሷስ? ማጨብጨብ ትችላለች? የእህቷን ፊት ባየች ቁጥር የምታስበው ያንን ኩባያ ነው። ንጹሕ መሆኗን ደግሞ መቼም አታውቀውም፣ ለማወቅ የነበረውን መንገድ ራሷ ዘግታዋለችና።

መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይሄ የእህቴ ነው» አለች።  «እኔ አፖሌና ነኝ። ታናሿ።»

«አፖሌና!» አለች እናቷ፤ ጩኸት አልነበረም፣ ከውስጧ አንድ ነገር የተነቀለ ይመስል ነበር።

ወይዘሮ ሃቭራንኮቫ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። እናቲቱን አየች፣ ልጅቷን አየች።

«እህትሽ እቤት አለች?»

«የለችም።»

«እሺ» አለች ሴትዮዋ። «ሰዓቷ እስኪያልቅ እዚሁ እጠብቃታለሁ፣ ደንቡ ነው። አንቺ ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ፣ ፊትሽ ገርጥቷል።»

ሚላዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆመች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አፖሌና ሄዳ ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን አልደፈረችም። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። የራዳና መልእክት ነበር።

«እሺ? ሰጠሽ?»

አፖሌና ብዙ ነገር ጻፈች፣ አጠፋችው። ይቅርታ ብላ ጻፈች፣ እሱንም አጠፋችው።

«ስሜን ነገርኳት» ብላ ላከች። ቀጥላም «ሴትዮዋ አልሄደችም። እየጠበቅንሽ ነው።»

መልእክቱ መነበቡን አየች። መልስ አልመጣም። ወንበሯን ስባ የግቢው በር በሚታይበት በኩል ተቀመጠች።