ጫሞ ላይ ጀርባውን የሰጠኝ ሰው

አንብባችሁ "ፈጠራ ነው" የምትሉ አትጠፉም። መብታችሁ ነው። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

ሚያዝያ 2003 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሌሊት አልነበረም... ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ከደብረ ታቦር በመምህርነት ተመድቤ አርባ ምንጭ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በሥራ ቀን ተማሪዎቼ አሉ። እሁድ ግን... በሬን የሚያንኳኳ የለም፣ የሚደውልልኝም የለም።

ስለዚህ ዓሣ ማጥመድ ለመድኩ። ለመብል ብዬ አይደለም፤ ቀኑ እንዲመሽልኝ ነው። ጋሽ ዲሪባ የሚባሉ ሽማግሌ ትንሽ የእንጨት ጀልባቸውን ያከራዩኛል። እሳቸው ዳር ቁጭ ብለው መረብ ይጠግናሉ፣ እኔ ብቻዬን ቀዝፌ ጫሞ ሐይቅ ላይ እገባለሁ።

የዚያን ቀን መንጠቆዬን ጥዬ ቀና ስል... ሌላ ጀልባ አየሁ።

አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ያጠምዳል። ሲመጣ ምንም አልሰማሁም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ።

"ዓሣ አለ?" አልኩት።

"የለም።"

ሳይዞር፣ "ዛሬ ከማን ጋር አወራህ?" አለኝ።

ጥያቄው ገረመኝ። ግን መለስኩለት።

"ከማንም።"

"እኔም..."



ነፋስ ተነሣ። የእኔ ጀልባ ይወዛወዛል። የእሱ... ንቅንቅ አይልም።

ደመናው መጣና ካፊያ ጀመረ። ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣበቀ። የሰውየው ኮት ግን ደረቅ ነው።

"ቅረብ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ማን ልበል?"

"ቅረብ... ብቻዬን ነኝ።"

ፈራሁ። ግን ደግሞ አንጀቴን በላኝ። ቢያንስ ፊቱን ልየው ብዬ የእሱን ጀልባ ዞሬ ከፊት ለፊቱ ደረስኩ።

ያየሁት ማጅራት ነው።

በዚያ በኩልም... ጀርባው ነበር።

መንጠቆዬን እዚያው ጥዬ ቀዘፍኩ። መዳፌ ተልጦ ሲደማ እንኳ አልተሰማኝም። "አትሂድ..." ይላል። በራቅሁ ቁጥር ድምፁ ጆሮዬ ሥር ነው።

ዳር ስደርስ ጋሽ ዲሪባ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ክንዴን ያዙኝ።

"መምህር... አናገርከው?"

"አዎ።"

"ምን አልከው?"

"ዛሬ ከማንም ጋር እንዳላወራሁ..."

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ጌታ ሆይ... ውጣ። ቶሎ ውጣ!"

ወጣሁና ዞሬ አየሁ።

የሰውየው ጀልባ ባዶውን እየመጣ ነው። ነፋሱ ወደ መሃል ይነፍሳል፣ ጀልባው ግን ቀጥ ብሎ ወደ እኛ...

ከፊቱ ገመድ ተወጥሯል። በሰው ትከሻ ልክ። የሚጎትተው ግን የለም።

ከገመዱ ፊት ውኃው ብቻ... በእርምጃ፣ በእርምጃ ይንቦጫረቃል።