ሮዳስ የደበቀችው ሕመም

የዲመካ ቅዳሜ ገበያ ነበር። የሚኒባሱ ሾፌር «እኔ ማር አላነሳም፤ ቢፈስ ማን ሊጠየቅ ነው?» ብሎ ፊቱን ሲያዞርባት፣ ሮዳስ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ራሷ አንስታ በመሰላሉ ወጣችና የመኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠችው። ስትወርድ ሁለት ፍየል በገመድ የያዘ ሰው አፉን ከፍቶ ያያታል።

«ወገብ ማለት እንዲህ ነው!» አላት።

«ፍየልህን ተመልከት! እኔ ለሽያጭ አልቀረብኩም።»

«ብትቀርቢማ ዋጋ አልከራከርም ነበር...»

ሳቀች። ሰውየው ወንድይፍራው የሚባል የከብት ነጋዴ ነው። በዓመቱ ጂንካ ውስጥ ተጋቡ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «በጀሪካን ነው የማረከችኝ!» እያለ ያስቃል። ሮዳስ ይህን ጨዋታ ትወደው ነበር... እስክትወልድ ድረስ።

ልጃቸው የአብሥራ የተወለደችው ከሁለት ቀን ምጥ በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሮዳስ ሕፃኗን ልታጥብ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቃታት። ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ በቀኝ በኩል፣ የጋለ ሚስማር የገባባት ያህል ነበር። ግድግዳውን ይዛ እስኪለቃት ጠበቀች። ያልፋል ብላ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አሰረች።

በዚያው ሰሞን ወንድይፍራው ግቢ ውስጥ ከደላላው ከዶላሞ ጋር ሲያወራ በመስኮት ሰማችው።

«ጥጃዋ ደህና ናት» አለ ዶላሞ። «ላሚቱ ግን ከወለደች ወዲህ ለመነሳት ትቸገራለች።»

«ወገቧ ከድቷታል። እንዲህ ያለች ላም ምን ትሠራለች? ለሥጋ ሽጣት።»

«ታሳዝናለች እኮ።»

«ታሳዝናለች... ግን ወገብ ከሄደ ሄደ ነው!»

የሚያወራው ስለ ላም እንደሆነ ሮዳስ አላጣችውም። እሷን በምኗ እንደወደዳትም አላጣችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀነቱን ከቀሚሷ ሥር ማሰር ጀመረች።

መደበቁም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። እሱ ሳይነቃ በጎኗ ተንከባላ፣ በክርኗ ተደግፋ፣ ሦስት ጊዜ ተንፍሳ ትነሳለች። ውኃ በግማሽ ጆግ ታመላልሳለች። እሱ ቤት ካለ ግን ከተቀመጠችበት አትነሳም። ልጅቷ ብታለቅስም... አትነሳም።

በሰማንያኛው ቀን፣ በክርስትናው ዕለት፣ ሕፃኗን ያቀፉት አማቷ እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። ሮዳስ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፋ ቆመች። ቤት ሲገቡ አማቷ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ለልጃቸው ነገሩት።

«አንድ ቀን እንኳ አዝላት አይቼ አላውቅም! ይኼ ምን ዓይነት የእናት ሆድ ነው?»

ወንድይፍራው ከዚያ ወዲህ ዲመካ ማደር አበዛ።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ የአብሥራ ምንጣፉ ላይ ታለቅስ ነበር። እሱ በር ላይ ቆሟል።

«አንሻት እንጂ!»

«አሁን ዝም ትላለች።»

«ሮዳስ... ጠላሽን? ከጠላሽን ንገሪኝና እናትሽ ጋ ልሸኝሽ!»

የፈራችው ቃል መጣ። ለመነሳት ሞከረች። እጇን መጀመሪያ ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ አደረገች። የወንድይፍራው ዓይን ከፊቷ ወርዶ ወገቧ ላይ ቆመ። ከብት ሲመርጥ የሚያይበትን ይህን አስተያየት ከገበያ ታውቀዋለች።

«እስቲ እስከ በሩ ድረስ ነይ» አላት በቀስታ።

ስድስት እርምጃ ነው። ቀኝ እግሯን እየጎተተች በአራተኛው ላይ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከወለድኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሥጋ ሽጣት ስትል ሰምቼሃለሁ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በሩን ተደግፎ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከመቶ ከብት መሀል የሚያነክሰውን እለያለሁ» አለ። «አምስት ወር ሙሉ አጠገብሽ ተኝቼ...» የቀረውን እንባ ዋጠው።

ሮዳስ ልታቅፈው አልጎነበሰችም፤ መጎንበስ አትችልም። ቆማ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የመረመረቻት አዋላጅ ነርስ አልዋሸቻትም።

«ይቀንሳል፤ ግን ወራት ይፈጃል። ጨርሶ ላይለቅሽም ይችላል። የማሳይሽን እንቅስቃሴ በየቀኑ ሥሪ፤ ከባድ ነገር አታንሺ። ልጅቷንም ከመሬት ሌላ ሰው ያቀብልሽ።»

«እኔ አለሁ» አለ ወንድይፍራው።

እማማ ጥሩነሽ ይቅርታ አልጠየቁም። በነጋታው ጠዋት ግን ሮዳስ የልጇን መታጠቢያ ሳፋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

ዓመት አለፈ። ሕመሙ ለዘብ አለ እንጂ አልሄደም። ጀሪካን ዳግመኛ አላነሳችም። ወንድይፍራውም የዲመካን ገበያ ለዶላሞ ተወለት። አንድ ቅዳሜ የአብሥራን በአንቀልባ አዝሎ፣ ሮዳስን አስከትሎ ጂንካ ገበያ ከብት ተራ ገባ። ነጋዴዎቹ ተንጫጩ።

«ወንድይፍራው! መቼ ወለድክ?» አለ ጸጋዬ። «ታጠባለህም እንዴ?»

«ላንተ አይተርፍም!»

ሮዳስ ሳቀች። ሳቁ ወገቧን ወጋትና ቆመች። እሱም ቆመ።

«አሁን ለሽያጭ ብቀርብስ?» አለችው፣ ላቧን እየጠረገች።

ወንድይፍራው አንቀልባውን አስተካከለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አሁንም አልከራከርም።»

ሕመሙ እስኪለቃት ጠበቃት። ከዚያ በእሷ እርምጃ ሄዱ።