ከትልቁ ድስት

ረቡዕ ጠዋት እንደማንኛውም ጠዋት ነበር። ኑኃሚን ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች፤ በሩን ከፍታ ጉሙን አየችና ሹራብ ደረበች። እናቷ በለጡ ሁለት ድስት ሽሮ ጥዳለች። ትልቁ በቅቤ ነው፤ የቤቱ። ትንሿ በዘይት ናት፤ የአምሳለ።

አምሳለ የጓሮዋን ክፍል ተከራይታ የምትማር የኑኃሚን የክፍል ጓደኛ ናት። ቤተሰቦቿ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ያርሳሉ። ዓርብ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ እሑድ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክማ እንጅባራ ትመለሳለች። ስንቁ ብዙ ጊዜ ሳምንቱን ስለማያደርሳት ኑኃሚን ለሁለት የሚሆን ምሳ ትይዛለች፤ ከአንድ ምሳ ዕቃ ይበላሉ። ጊዜው የዐቢይ ጾም ነው። የኑኃሚን ቤተሰብ ጴንጤ ስለሆነ ይህን ጾም አይጾምም፤ አምሳለ ግን ትጾማለች። በተለይ ዘንድሮ ለፋሲካ ከእናቷ ጋር ልትቆርብ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራለች።

«ትንሿን ድስት እያት፤ እንዳታርርብሽ» ብላ በለጡ ወደ ሱቋ ወጣች።

ኑኃሚን ስልኳን ከፈተች። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ሣራ የላከችላትን ቪዲዮ አይታ ሳቀች፤ ኔትወርኩ ደኅና ስለነበር ሌላም አየች፤ ሌላም። የማረር ሽታ ሲደርሳት ድስቷ ከሥሯ ከስላለች። አዲስ ለመሥራት ጊዜ የለም። እናቷ ብታውቅ ደግሞ ስልኩ መወሰዱ ነው። ኑኃሚን ከትልቁ ድስት ጨልፋ እንጀራው ላይ ገለበጠችና ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች።

አምሳለ እስከ ምሳ ሰዓት እህል አልቀመሰችም። ምሳ ዕቃው ሲከፈት ግን እጇን ከመዘርጋቷ በፊት ቀና አለች።

«ኑሂ፣ የጾም ነው አይደል?»

«አዎ» አለች ኑኃሚን።

አምሳለ አማትባ በላች። ኑኃሚን ሁለት ጊዜ ጎርሳ ጠገብኩ አለች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አምሳለ በሌለችበት ለሣራ ነገረቻት።

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ!» አለች ሣራ። «ሳታውቅ የበላችው ምን ያደርጋታል? ቅቤ እኮ ነው፤ መርዝ አላበላሻት። እኛ ዘንድ ደግሞ ኃጢአት አይደለም።»

«ውሸትስ?»

«ይኸው! ስብከት ጀመረች።» ሣራ ሳቀች። ኑኃሚንም አብራት ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናቸው የወጣቶች ልምምድ ነበር። አስተባባሪው ሉቃስ መዝሙሩን አስቁሞ ወደ እሷ ዞረ።

«ኑኃሚን፣ ነገ ምስክርነት ትሰጫለሽ። ስለ ልግስና እየተማርን አይደል? ምሳሽን እናንተ ጋ ለተከራየችው ልጅ እንደምታካፍዪ እናትሽ አጫውታኛለች።»

«እኔ እንኳ አልችልም፣ ወንድም ሉቃስ።»

«አያችሁ ትሕትና!» አለ ሉቃስ። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ከኋላ ሣራ ብቻ አቀርቅራ የጫማዋን ክር ታስራለች። ኑኃሚን ፊቷ ሲነድ ተሰማት፤ ሌሎቹ ያፈረችው ስለተመሰገነች መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ።

እሑድ ጠዋት ፕሮግራሙ ሳይጀመር ሉቃስን በር ላይ ጠበቀችው።

«ስሜን ያውጡልኝ። የምመሰክረው የለኝም።»

«ፈራሽ እንዴ?»

«አይ። ያጠፋሁት ነገር አለ። ጉባኤው ፊት ከመቆሜ በፊት ለበደልኳት ልጅ መናገር አለብኝ።»

ሉቃስ ከያዘው ወረቀት ስሟን ሰረዘ። «እሺ፣ ሂጂ» አለ።

ከሰዓት አምሳለ ከባጃጅ ወርዳ ከረጢቷን ተሸክማ መጣች። ኑኃሚን አንዱን ጫፍ ይዛላት ክፍሏ ድረስ ገባች። አምሳለ ቁጭ ብላ ድንች ማውጣት ጀመረች።

«አምሳለ፣ ረቡዕ የበላሽው ሽሮ በቅቤ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ያንቺው አረረብኝ። ስልክ ላይ ነበርኩ። ከኛው ጨለፍኩልሽ። ስትጠይቂኝም ዋሸሁሽ።»

አምሳለ በእጇ የያዘችውን ድንች መሬት አስቀመጠችው።

«ሸትቶኝ ነበር እኮ» አለች። «ቅቤ፣ ቅቤ አለኝ። አዎ ስትዪኝ ጊዜ፣ በጾም ጎምጅቼ ነው ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ማታ ስለሱ ስሰግድ አመሸሁ።»

ኑኃሚን ስትመጣ ለቁጣም፣ ለለቅሶም ተዘጋጅታ ነበር። ለዚህኛው አልተዘጋጀችም። የምትገባበት ጠፋት።

«ስደቢኝ» አለች። «ራስሽን ከምትታዘቢ እኔን ስደቢኝ።»

«ብሰድብሽ ሆዴ ውስጥ የገባው ይወጣል?» አምሳለ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። ሳላውቅ ስለሆነ አይቆጡኝ ይሆናል። አንቺን ይቅር ብዬሻለሁ።»

«የእውነትሽን ነው?»

«ቂም ይዤ እቆርባለሁ እንዴ? የእውነቴን ነው። ግን አሁን ሂጂልኝ።»

ኑኃሚን በሩ ጋ ስትደርስ አምሳለ ጠራቻት። ሳህን ሙሉ ድንች ይዛለች።

«ለእትዬ በለጡ ስጫቸው። እናቴ ናት የላከችላቸው።»

«ዛሬስ አልወስድም።»

«ውሰጂ እንጂ! አልተቀበሉም ብዬ ለእናቴ ምን ልበላት?»

ኑኃሚን ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። ግቢውን አቋርጣ እስክትገባ ቀና አላለችም። እናቷ ምን ሆንሽ ስትላት ሁሉንም ነገረቻት፤ ስልኩንም ሳትጠየቅ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በለጡ «ስትመሰገኚ ምን ተሰማሽ?» ብቻ አለቻት።

ሰኞ የዘይቱን ሽሮ ራሷ ሠራች፤ እስኪበስል ከምድጃው አልተነሣችም። ምሳ ሰዓት ላይ አምሳለ እንደ ወትሮው መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከቤቷ ያመጣችውን ዳቦ ቆርሳ ግማሹን ሰጠቻት። የሒሳብ መምህራቸው ሲያስነጥስ እንዴት እንደሚሆን አስመስላ አሳየቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። የኑኃሚን ምሳ ዕቃ መካከላቸው ተከፍቶ ተቀምጧል። አምሳለ ወደ እሱ አልዞረችም፤ ዳቦዋን በልታ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራገፈች።

ኑኃሚን «ብዪ እንጂ፣ የጾም ነው» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ነገም ለሁለት የሚሆን ልትይዝ፣ ብዪ ብላ ግን ላትለምናት ወሰነች።

አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ያጠናሉ። አምሳለ ከኑኃሚን ምሳ ዕቃ መብላት ግን ትታለች።