የሐጂ ከድሩ ባትሪ

ሐጂ ከድሩ በገዛ ግቢያቸው፣ በቆርቆሮው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በጀርባቸው ተዘርረው የተገኙት ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ያገኘቻቸው ልጃቸው ሬሐና ናት። ከውጭ የተቀረቀረውን በር ከፍታ ስትገባ የመኪናዋ ኮፈን ወደ ላይ ተከፍቶ፣ የአባቷ ማጅራት በሲሚንቶው ደፍ ላይ አርፎ፣ ከሥሩ የፈሰሰው ደም ጠቁሮ አየች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ከሩቅ መምጣት አላስፈለገውም፤ በዚያው ግቢ ጓሮ ሌላ ለቅሶ ተቀምጦ ነበርና።

ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2008 ነበር። ተቃውሞ ያስነሣው የከተማ ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ቀናት ቢያልፉም የሰበታ መንገድ በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ እንደተዘጋ ነው። ኢንስፔክተር በቀለች ከጣቢያ የመጣችው በእግሯ ነበር። የደንብ ልብሷን በቦርሳ ከታ ነጠላ ደርባለች። የሐጂ ከድሩ ልጅ አክመል ከታሰረ አርባ ቀኑ እንደሆነ ታውቃለች፤ በዚህ ቤት ፖሊስ እንዴት እንደሚታይም አይጠፋትም።

ኮንስታብል እሸቴ በሩ ላይ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበላት።

«አካም ኦልተን፣ ኢንስፔክተር። ነገሩ ግልጽ ነው። ሽማግሌው ባትሪ ሲነካኩ አዳልጧቸው ወድቀዋል።»

«በሩን ከውጭ ማን ቀረቀረው ታዲያ?»

እሸቴ መቀርቀሪያውን ዞሮ አየው።

በቀለች ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሐጂ ከድሩ ኮት ኮሌታ ከኋላ በኩል ተቀዷል። ቀና ብላ ሞተሩን አየች። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ በቦታው ገብቷል፤ ብሎኑ ግን ገና እስከ ግማሽ ድረስ ነው የጠበቀው፤ የአሥር ቁጥሩ የብሎን ቁልፍ እዚያው ብሎኑ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል። መኪናዋን የሸፈነው ሸራ የተገለጠው ከፊት ብቻ ነው፤ መስኮቶቹና የኋላው ክፍል እንደተሸፈኑ ናቸው። ሸራውን ከፍ አድርጋ በሾፌሩ በር ገባች። የኋላው ወንበር ታጥፎ ፍራሽና ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። የመኪናዋ ቁልፍ በቦታው ተሰክቷል። አዞረችው። ዳሽቦርዱ በራ፤ ትንሿ ሰዓት በአረንጓዴ ቁጥር 8:02 አለች። በቀለች የእጅ ሰዓቷን አየች፤ አሥራ አንድ ተኩል ነበር። ሁለቱንም በማስታወሻዋ ጽፋ ቁልፉን መልሳ አጠፋች።

የሟቹ ባለቤት ራዲያ ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በቀለች አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አላህ ያጽናዎት፣ እማማ። ጠዋት የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ልጄ ጋ። በሌሊት ስንቅ ይዤ ወጣሁ፤ ስመለስ ስምንት ሰዓት ነበር። የተከራያችን ሚስት ሞተች አሉኝ፤ ሮጬ ወደ ጓሮ ገባሁ። ከድሩ መስጊድ ነው ብዬ... እዚህ ወድቆልኝ፣ እኔ እዚያ ለሰው ሳለቅስ!»

«መኪናዋን ለምን ይነካኩ ነበር?»

«የአክመል ናት። እንጀራው ናት። አባቱ ‹ልጄ ሲፈታ በአንድ ቁልፍ ትነሣለት› ይል ነበር። በየቀኑ ከዐስር ሰላት በኋላ ይገባል፤ ይጠርጋታል፣ ያያታል። ለኔ እንደሱ አይጠነቀቅም ነበር» አሉና እንባቸው ቀደማቸው።

«የኋላው ፍራሽስ?»

«የምን ፍራሽ?» ተነሥተው አዩት። «ይሄማ የአክመል ነው! ጠዋት አልጋው ላይ አንጥፌው ነው የወጣሁት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካሳሁንን ጠይቂው። ልጄን የጠቆመ እሱ ነው እየተባለ ነው። ያ የብሎን ቁልፍም የሱ ነው።»

ካሳሁን ከግቢው ፊት ለፊት የባትሪ መሥሪያ ሱቅ አለው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ጣቶቹ በአሲድ የተላጡ ሰው ነው። በቀለች ሱቁ ስትገባ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ቁልፉ የኔ ነው። ለሐጂ ያዋስኳቸው እኔ ነኝ። ባትሪ መጠበቅ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ።»

«እንዴት ነው የሚጠበቀው?»

«መኪና ሲቆም ባትሪው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰዓቱ፣ ማንቂያው፣ ሬዲዮው ቀስ እያሉ ይጠጡታል። ስለዚህ ኔጌቲቩን ይነቅሉታል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ በቻርጀር መሙላት፣ ውሃውን ማየት፣ ራሱን ጠርጎ ግሪስ መቀባት ነው። ብዙ ሰው በየጠዋቱ አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ያጠፋል። ሞተር ለማስነሣት የወጣው በአምስት ደቂቃ አይመለስም፤ ይብሱን ይገድለዋል። ሐጂ ይህን ከገባቸው ወዲህ ሞተሩን አንድ ቀን አስነሥተው አያውቁም። እኔ ጋ አምጥተው ነበር የሚያስሞሉት።»

«ኔጌቲቩ ሲነቀል የዳሽቦርዱ ሰዓት ምን ይሆናል?»

«ይጠፋል። መልሰው ሲያስሩት ከአንድ ሰዓት ይጀምራል።»

በቀለች ይህንንም በማስታወሻዋ ጻፈች። «ዛሬ የት ነበርክ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ነኝ። መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሞባይሉን የሚሞላው በኔ ባትሪ ነው። ሰው ከጎኔ አልጠፋም። ከዘጠኝ በኋላ ዘግቼ፣ ጩኸቱ እስኪሰማ ቤቴ ነበርኩ። ብቻዬን።»

«ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ሐጂ ጋ ትሄድ ነበር አሉ።»

ካሳሁን የተላጡ ጣቶቹን ተመለከተ። «ድሮ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ አያናግሩኝም። ‹ልጄን የሸጥክ› አሉኝ፣ ሰው ፊት። አክመልን ልጅ ሆኖ በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልሂድ?»

በቀለች ወደ ግቢው ተመለሰች። ሬሐና በእናቷ ክፍል በረንዳ ላይ በሻል የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«የቤቲ ናት» አለች ሳትጠየቅ። «የተከራያችን የመምህር ፍቅረሥላሴ ሚስት። ቤተልሄም። መንገድ ላይ ወለደቻት።»

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ጠዋት ምጧ መጣ። ደም በጣም ፈሰሳት። አምቡላንስ ብንደውል ድንጋዩን ማለፍ አልችልም አለ። አራት ሰዓት ላይ መምህር አባቴ እግር ላይ ወደቀ። ‹መኪናዋን ይስጡኝ› አለ። አባቴ እንቢ አለ። በዋዜማው ሁለት መኪና ተቃጥሎ ነበር። ‹የልጄ አደራ ናት፣ እሷንም ያቃጥሏታል፣ እናንተንም› አለና ባዶ እጁን ክፍሉ ገብቶ ዘጋ። እኛ በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን። በሩን ስናልፍ ስልኬ ላይ አራት ሰዓት ከሩብ ይላል።»

«መምህሩ አብሯችሁ ነበር?»

«አዎ። ወንዙ ጋ ስንደርስ የጤና ካርዷን ረሳሁ ብሎ ሮጦ ተመለሰ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደረሰብን። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት እጇን አለቀቀም።»

«ካርዱን አመጣ?»

«የለም። አጣሁት አለ።»

ሕፃኗ አለቀሰች፤ ሬሐና ወዘወዘቻት።

ፍቅረሥላሴ በጓሮዋ አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ሸሚዙ ላይ የሚስቱ ደም ደርቋል፤ ማንም ሊያስቀይረው አልደፈረም። በቀለች ለቅሶ ደራሽ እንደሆነች ሁሉ ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አለችው። ዓይኗ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። የሕፃን ልብሶች ተጣጥፈው ተደርድረዋል፤ በላያቸው ሰማያዊ የጤና ካርድ በግልጽ ተቀምጧል።

«ሐጂ ከድሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«ጠዋት። ስለምናቸው።»

«ተቀይመሃቸዋል?»

«ቅያሜ?» ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። «ሚስቴ እየደማች እሳቸው ባትሪ ይነቅላሉ። ለብረት የሚሳሱ ሰው ናቸው። ናቸው አልኩ... ነበሩ።»

በቀለች ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ደጅ ስትወጣ እሸቴ ተከተላት።

«ካሳሁንን ልያዘው?»

«ማንንም አትይዝም። ነገ ሁለት ቀብር አለ። ሁለቱም ይለቅ።»

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ከድሩ፣ ከቀትር በኋላ ቤተልሄም ተቀበሩ። ከሁለቱ ቀብር መልስ በቀለች አራቱን በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ሰበሰበች፤ ራዲያን፣ ሕፃኗን የታቀፈችውን ሬሐናን፣ ካሳሁንንና ፍቅረሥላሴን። እሸቴ በሩ ላይ ቆመ። ራዲያ ካሳሁንን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«ሐጂ ከድሩ አዳልጧቸው አልወደቁም» አለች በቀለች። «በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ኮሌታቸው ከኋላ ተቀዷል። ጎንበስ ብለው ብሎን ሲያጠብቁ አንድ ሰው ከኋላ ጎትቶ ጣላቸው፤ ጭንቅላታቸው ይህን ደፍ መታ። ሁላችንም አሥር ሰዓት ገደማ የሞቱ መስሎን ነበር፤ መኪናዋን የሚያዩት ያኔ ነውና። አሥር ሰዓት ከሆነ ካሳሁን ብቻውን ነበር፤ ቁልፉም የሱ ነው፤ ተጣልተዋልም።»

«እኔም እሱን ነው የምለው!» አሉ ራዲያ።

«ይታገሡኝ፣ እማማ። ካሳሁን፣ ኔጌቲቩን ንቀለውና መልሰህ እሰረው።»

ካሳሁን ነቀለ፤ መልሶ አሰረ። በቀለች ቁልፉን አዞረች። ሰዓቷ 1:00 አለች። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይህች ሰዓት ስምንት ከሁለት ትል ነበር። ከአንድ ሰዓት ተነሥታ እዚያ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ገመዱ የገባው ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ነው። ብሎኑ ደግሞ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የጠበቀው። ያጠብቁት የነበሩት ሰው አልጨረሱትም። ሐጂ የሞቱት ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ካሳሁን ሱቁ ውስጥ በሰው ተከቦ ነበር። እማማ ራዲያ ስንቅ ይዘው ከልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ሬሐና ቃሬዛውን ይዛ ወንዙ ጋ ነበረች። ወደዚህ ግቢ የተመለሰ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

በቀለች ወደ ፍቅረሥላሴ ዞረች።

«መምህር፣ ካርዱን አጣሁት ብለሃል። ካርዱ ጠረጴዛህ ላይ ነው፤ ወደ ክፍልህ ከቶ አልገባህም። እኔንም ‹እሳቸው ባትሪ ይነቅላሉ› አልከኝ። ስትለምናቸው ሐጂ እጃቸው ባዶ ነበር፤ ከዚያም ክፍላቸው ገቡ። ባትሪው ላይ ጎንበስ ብለው ሊያያቸው የሚችል የጣላቸው ሰው ብቻ ነው።»

ፍቅረሥላሴ አልካደም። ድምፁ ደረቅ ነበር።

«ካርዱን ላመጣ ስመለስ ይህ በር ገርበብ ብሎ አየሁ። በብሎን ቁልፍ ባትሪውን ይዘዋል። ነቅለው ሊደብቁት ነው አልኩ፤ በጉልበት እንዳልወስዳት። ኮሌታቸውን ያዝኩ። ልገድላቸው አላልኩም። ሲወድቁ ‹ይነሡ› አልኳቸው። አልተነሡም። ቤቲ መንገድ ላይ ናት... ዘግቼ ሮጥኩ።»

በቀለች ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደች። ከሥራዋ ሁሉ ይህን ትጠላዋለች።

«እየነቀሉ አልነበረም፣ ፍቅረሥላሴ። ባትሪው ከተነቀለ አርባ ቀኑ ነው። እየመለሱት ነበር።» ሸራውን ከኋላ በኩል ገለጠችው። «ወንበሩን አጥፈዋል። የልጃቸውን ፍራሽ ከአልጋው አንሥተው አንጥፈዋል፤ ለተቀማጭ አይደለም፣ ለሚተኛ ሰው ነው። የመኪናዋን ቁልፍ ሰክተዋል። ክፍላቸው ገብተው ከዘጉ በኋላ አላስቻላቸውም። መንገድ ላይ ሊደርሱባችሁ ነበር።»

ፍቅረሥላሴ ፍራሹን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይዋሻሉ፣ ኢንስፔክተር» አለ በሹክሹክታ። «አርባ ቀን የቆመች መኪና... አትነሣም ነበር። አይደል? ጋሽ ካሳሁን፣ ቢፈልጉም አትነሣላቸውም ነበር።»

ካሳሁን በቀለችን አየ፤ በቀለች ዓይኗን ሰበረች። ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀ፤ በሾፌሩ በር ገባ፤ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳያንገራግር፣ በመጀመሪያው፣ ተነሣ።

ፍቅረሥላሴ መሬት ላይ ተቀምጦ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ካሳሁን መሪው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሬሐና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ራዲያ ነበሩ የተንቀሳቀሱት። ወደ መኪናዋ ሄደው የካሳሁንን ትከሻ ነካ አደረጉ።

«አጥፋው፣ ልጄ። ሕፃኗ ተኝታለች።»

ሞተሩ ጠፋ። ራዲያ እጃቸውን ከትከሻው ላይ አላነሡም። «በሰው ወሬ በድዬሃለሁ» አሉት።

«አክመልን ማን እንደጠቆመ እኔም አላውቅም» አለች በቀለች። «ካሳሁን ለመሆኑ ግን ምንም አላገኘሁም።»

እሸቴ ፍቅረሥላሴን ደግፎ አስነሣው። መንገዱ እንደተዘጋ ስለነበር ወደ ጣቢያ የሚሄዱት በእግር ነው። ሬሐና ፊት ሲደርስ ቆመ፤ ሻሉን ገለጥ አድርጎ የልጁን ፊት ለማየት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ እጁን አየና መለሰው።

«ዘመዶች አሉህ?» አሉ ራዲያ።

«ሱሉልታ። የቤቲ እህት አለች። መንገድ ሲከፈት...»

«መንገድ እስኪከፈት እዚህ ትቆያለች። ይቅር አልኩህ አላልኩም። ነገ ለአክመል ስንቅ ይዤ ስሄድ አባትህ ሞተ እለዋለሁ፤ በምን ብሎ ይጠይቀኛል። ይቅርታ ከየት አመጣለሁ? እሷ ግን ወተት ትፈልጋለች።» ወደ ሕፃኗ ዞሩ። «ስሟን ማን ልበላት?»

ፍቅረሥላሴ አንገቱን ደፋ። «ሴት ከሆነች እናትነሽ እንላታለን ብላ ነበር፤ ቤቲ።»

ራዲያ ሕፃኗን ከሬሐና እጅ ተቀበሉ።

«እናትነሽ» አሉ፤ ወደ ቤትም ይዘዋት ገቡ።