ወንደላጤ የማይቀበለው ሆቴል

ሱመይራ በምትሠራበት ሆቴል ደጅ ሁለት ነገር አያልፍም፤ መጠጥና ወንደላጤ። መጠጡ ለምን እንደማይገባ የሚጠይቅ የለም፤ የባሕር ጠረፍ ከተማዋ አላንያ ድረስ ለመዝናናት የሚመጣው ቤተሰብ ይህን ሆቴል የሚመርጠው ለዚያው ነው። ወንደላጤው ግን ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዱም ይለማመጣል። ሱመይራ ስልኩን ይዛ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ድምፅ ትመልሳለች። ይቅርታ ወንድሜ፣ የቤተሰብ ሆቴል ነው፣ ሴቶቹ ሳይሳቀቁ እንዲዋኙ ነው ትላለች።

ይህ አንድ ዓይነት ድምፅ ድሮ አልነበራትም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ የመጣ ነው። እናቷን ያስታመመችው፣ ያጎረሰቻቸውም እሷ፣ በመጨረሻም አጥባ የሸኘቻቸው እሷ ነች፤ በቀብሩ ቀን ግን አንዲት እንባ አልወጣትም። ጎረቤት «የልጅቷ ልብ ደርቋል» ብሎ አማት። ሱመይራም ሐሜቱን ሰምታ እውነታቸውን ነው አለች። ከዚያ ጀምሮ ምግቡም፣ ሥራውም፣ ሰዉም አንድ ሆነባት። ሐዘን ቢመጣላት እንኳ በወደደች ነበር፤ እሱም አልመጣም። ደንዝዛ ትነሣለች፣ ደንዝዛ ትተኛለች። ከአባቷ ጋር እራት ሲቀርቡ ከማንኪያው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ቡንያሚን መጀመሪያ የደወለው በብርዱ ወራት ነው፤ ከባሕር ርቃ ባለችው ካይሴሪ ከተማ ሶፋ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነው። ለበጋ አንድ ክፍል፣ ለአንድ ሰው አለ። ሱመይራ የተለመደውን መለሰችለት። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ስልኩን ይዘጋል። እሱ ግን ጠየቃት።

«ቤተሰብ ለመባል ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«እናትዎን ይዘው ቢመጡም ይበቃል።»

«እናቴ ከመጣች አክስቶቼ ይከተላሉ። አክስቶቼ ከተነሡ ደግሞ ካይሴሪ ባዶዋን መቅረቷ ነው።»

ሱመይራ አልሳቀችም። አለመሳቋን ግን አስተዋለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህንንም አታስተውልም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መልሶ ደወለ። እናቱ ሐጃ ሸሪፌ እንሄዳለን ብለዋል፤ ነገር ግን ባሕር ዳርቻ ሄደው ስለማያውቁ የሚጠይቁት አያልቅም። ሥጋው ሐላል መሆኑ ብቻ አይበቃቸውም፤ ጣፋጩን የሚያረጋው ጄላቲን ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይፈልጋሉ። የሶላት ክፍሉ የሴቶች መግቢያ ለብቻው ነው ወይ? ሴቶቹ የሚዋኙበት ቦታ ላይ የሚጠብቀው ሴት ናት ወይ? ቡንያሚን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለየብቻው ይደውላል። ሁሉንም አንድ ላይ መጠየቅ እንደሚቻል የሶፋ ነጋዴ ጠፍቶት አይደለም።

ሱመይራ ኩሽና ወርዳ ትጠይቃለች፣ ተመልሳ ያየችውን ትነግረዋለች። ምግቡ ደህና ነው፣ ሾርባው ግን ውሃ ይበዛዋል አለችው። ይህን ሲሰማ ከልቡ ሳቀ። የደወለባቸው ሌሎች ሆቴሎች ሁሉ ማር ማር የሚል ቃል እንደሚያንቆረቁሩለት፣ ስለ ሾርባቸው እውነቱን የነገረችው ግን እሷ ብቻ እንደሆነች ነገራት። በዚያው ሰሞን እርስዎ መባባሉ ቀረ።

አንድ ቀን ሐጃ ሸሪፌ ከባድ ጥያቄ ላኩ። ከሆቴሉ ጎን ረጅም ሕንፃ አለ ሲሉ ሰምተዋል፤ የሴቶቹ ዋና ከዚያ ሕንፃ ላይ ይታያል ወይስ አይታይም? ሱመይራ አይታይም ብላ መመለስ ትችል ነበር፤ እስከዛሬ የጠየቀም ሰው የለም። ከሥራ ስትወጣ ግን ወደዚያ ሕንፃ ሄደች፤ ዘበኛውን አስፈቅዳ ጣሪያው ላይ ወጣች። በነፋሱ ሻርፗን ይዛ ቁልቁል ስትመለከት የሴቶቹ መዋኛ ዳርቻ አንዱ ጥግ ገሃድ ወጥቶ ይታያል። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁን ወጥራ ይዛ የሴቶቹን መዋኛ የሚከልለው ሸራ በዚያ በኩል ከፍ እንዲል አደረገች።

«ጣሪያ ላይ ወጣሽ?» አለ ቡንያሚን። «ለእናቴ ብለሽ?»

«ሥራዬ ነው።»

ሥራዋ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም ግን ስልኩን አልዘጉም። በመጨረሻ እሱ ባሕሩ ዛሬ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። ያው ነው አለች። እንደ ምን ያው ሲላት ወንበሯን አዞረች። ባሕሩ ከኋላዋ ባለው መስኮት ሙሉ ሲታይ ኖሮ፣ እሷ ግን ካየችው ከርሟል። ከዚያ ወዲያ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ መቀመጥ ጀመረች።

ፍቅር ነው ብላ አላሰበችም። የደነዘዘ ሰው ስም አያወጣም። ከካይሴሪ ያልተደወለ ስልክ ሁሉ ግን የተሳሳተ ስልክ ይመስላት ጀመር።

ሙቀቱ ሲገባ ሐጃ ሸሪፌ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ ደስ የሚል ነው። ስለ ጣሪያው መረቋት፣ ስለ አባቷ ጤና ጠየቁ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እዚያው አላንያ ሳለን ለቡንያሚን ሴት ልጅ ልንጠይቅ ነው። አበባና ቸኮሌት ሳይዙ መሄድ ነውር ነው፤ ከዚህ ብንይዘው ደግሞ መንገድ ላይ ይቀልጣል። ደህና ቤት ታውቂያለሽ?»

ሱመይራ ቤቱን ነገረቻቸው። አበባው ምን ዓይነት ቢሆን ይሻላል አሏት። ነጭ አለች። ሴትዮዋ በስልኩ ውስጥ ሳቁ፤ ምን እንዳሳቃቸው አልገባትም። እሷ ራሷ አዝዛ እንደምታቆይላቸው ነገረቻቸው፤ አላህ ያሳካላችሁ አለች፤ ስልኩን ዘጋች።

ልቧ ይሰበር እንደሆነ ጠበቀች። ምንም የለም። እንደ ወትሮው ደብዳቤዎቿን መለሰች፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ አልራባትም። ወንበሯን መልሳ ወደ ግድግዳው ያዞረችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከካይሴሪ ሲደወል ባልደረባዋ ነሪማን እንድታነሣ ታደርጋለች። ነሪማን ምን ሆነሽ ነው ስትላት ራሴን አሞኝ ነው ትላለች። ቡንያሚንም ጥቂት ሞክሮ መደወሉን ተወ።

የመጡት በበጋው ሙቀት መካከል ነው። ሐጃ ሸሪፌ፣ ሦስት አክስቶች፣ የአክስቶቹ ባሎች፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አታክልት የሞላ ማሰሮ ሳይቀር፤ ሆቴሉ ውስጥ ምግብ እንዳለ ማንም የነገራቸው አይመስልም። ከሁሉም ኋላ የእናቱን ሻንጣ የተሸከመ፣ ከድምፁ አጠር ያለ፣ ጆሮው ወጣ ወጣ ያለ ሰው ገባ። ሱመይራን ሲያይ አቀርቅሮ ቀረ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች በዚያው ድምፅ። «አበባው ለነገ ታዝዟል። ደስታችሁን አላህ ይሙላው።»

ቀና አለ። «የማንን ደስታ?»

«ያንተንና የልጅቷን።»

«የትኛዋን ልጅ?»

እሱ ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ አልነገርሻትም እንዴ?»

«እኔ?» አሉ ሐጃ ሸሪፌ። «ብርዱን ሙሉ ስልክ ላይ ተጣብቀህ የከረምከው አንተ! መቼም ዋናውን ነገር ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነዋ። አበባው ምን ይሁን ብዬ ጠየቅኋት፣ ነጭ አለችኝ።»

«እኛ ያወራነው ስለ ሾርባ ነው፣ እማዬ። እንዲህ ያለ ነገር እናት እያለች ወንድ ልጅ በስልክ ይናገራል?»

ለካ የምትጠየቀው እሷ ራሷ መሆኗን በካይሴሪ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት። ስልኳን ለሌላ ማሳለፍ ስትጀምርም ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አፍራ ነው ብለው ተደስተው ነበር፤ እሱም ሊያሳፍራት ስላልፈለገ ዝም አለ። አክስቶቹ ማሰሮአቸውን እንዳቀፉ ሁሉም እሷን ያያሉ። ሱመይራ አሁን ደስታ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ያኔ ደነገጠች፤ ለእንዲህ ያለ ነገር እንኳ የማይነቃ ልብ ከእንግዲህ ለምን ይነቃል? ክፍላችሁ ሦስተኛ ፎቅ ነው ብላ ቁልፉን ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት እንዳበቃ የአትክልቱ ቦታ ውስጥ ጠብቃ አገኘችው። አክስቶቹ ራቅ ብለው ተቀምጠው ባሕር የሚያዩ መስለዋል። ሁሉንም ነገረችው፤ እናቷን፣ ያልወጣውን እንባ፣ ጎረቤት ያለውን።

«ቤት ሙሉ ሰው አስከትለህ መጥተህ በድን ይዘህ ልትመለስ ነው?» አለችው። «ለሰው ደስታ አመቻቻለሁ፤ ለራሴ ግን ምንም አይሰማኝም። ያንተን ዕድሜ ማበላሸት አልፈልግም።»

ቡንያሚን ጣቶቹን እያየ ሰማት።

«ስትደሰቺ አላየሁሽም፤ እውነት ነው» አለ። «እኔ የማውቀው ለማታውቂያት ሴት ብለሽ በነፋስ ጣሪያ ላይ መውጣትሽን ነው። ለእኔ እሱ ይበቃኛል። ላንቺ ካልበቃሽ አላስገድድሽም። ነገ የተባለው ይቅር፤ እስክንሄድ አስቢበት። እምቢ ካልሽም እናቴ ባሕር አይታ ትመለሳለች።»

በቀሩት ቀናት አንድም ቀን አላስቸገራት። ጠዋት በመግቢያው ሲያልፍ ሰላም ይላታል፤ እሷም ሰላም ትለዋለች። የመሄጃቸው ቀን ሲቃረብ እምቢ የሚለውን ቃል በልቧ አዘጋጀች፤ እሱም አልከበዳትም፤ ያልከበዳት መሆኑ ግን አስፈራት።

ሐጃ ሸሪፌ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ውሃው ውስጥ አልገቡም። በሸራው ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ይውላሉ፣ እግራቸውን ይነክሩና ይመለሳሉ። በመጨረሻ ነሪማንን ልከው ሱመይራን አስጠሩ። ሱመይራ እንደማንኛዋም ሴት ስልኳን በር ላይ ለጠባቂዋ ሰጥታ ገባች። ሴትዮዋ ረጅም የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ውሃው ዳር ቆመዋል።

«ጣሪያ ላይ የወጣሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «ማንም እንደማያየኝ የማምነው አንቺ አብረሽኝ ስትገቢ ነው።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ውሃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ ሐጃ ሸሪፌ ቢስሚላህ ብለው ራሳቸውን ለቀቁ፤ ባሕሩም አነሣቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ተንሳፈፉ። ሲገልጡት ግራ የተጋባች ልጅ መስለዋል።

«ይሄ ሁሉ ውሃ» አሉ፣ «ለእኛም ኖሯል?»

የሱመይራ እናት እዚህ ባሕሩ ዳርቻ ተወልደው እዚሁ ነው የሞቱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ በዚህ ዳርቻ ተመላልሰዋል። ያኔ ሸራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በየዞሩበት የሰው ዓይን ነው። በሙቀት ቀን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቁርጭምጭሚታቸውን ብቻ ያርሱና ይበቃኛል ይሉ ነበር። ሸራው በተተከለበት በጋ አልጋ ያዙ።

ሱመይራ አፏን ከፍታ ልትመልስላቸው ስትል ድምፅ ወጣት፤ ቃል ግን አልነበረም። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ለቅሶ ነበር፤ ጮክ ያለ፣ ለመያዝ የማይመች። ዳር የተቀመጡት አክስቶች ሳቃቸውን አቋረጡ። ሐጃ ሸሪፌ ራሷን ወደ ትከሻቸው ሳቡና በእርጥብ እጃቸው ጀርባዋን ያሻሹ ጀመር።

«አልቅሺ ልጄ» አሉ። «እዚህ ማን ያይሻል?»

ብዙ አለቀሰች። ሲወጣላት ከሸራው ውጭ የጠባቂዋ ፊሽካ ተሰማ፤ ከዚያም የወንድ ድምፅ።

«እማዬ! ምንድን ነው የሰማሁት? ደህና ናችሁ?»

ሱመይራ ከውሃው ወጥታ ፎጣ ደረበችና ወደ ሸራው ተጠጋች። የሸራው ታችኛው ጠርዝ ከአሸዋው ትንሽ ከፍ ብሏል፤ በዚያ በኩል ባዶ እግሩ ታያት። የሚታየው ጣቱ አልነበረም፣ ተረከዙ ነው። ዓይን በማያሳልፍ ሸራ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«እናትህ ደህና ናቸው፤ ዋኝተዋል» አለችው። «የጮህኩት እኔ ነኝ። አለቀስኩ።»

ተረከዞቹ ተነቃነቁ። ሳይጫማ ሮጦ ነው የመጣው፤ የእኩለ ቀን አሸዋ ደግሞ ምጣድ ነው። አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ያሳርፋል። ጠባቂዋ ሰውዬ፣ ከዚህ ሂድ እያለች ትጮኻለች።

«እግርህ ተቃጠለ፤ ሂድ» አለች ሱመይራ።

«እሺ። አንቺ ግን ደህና ነሽ?»

ደረቷ አሟታል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሚያም ነገር አገኘች።

«ነገ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባቴ እቤት ነው» አለች። «ኑ።»

ከሸራው ወዲያ ድምፁ ዝቅ ብሎ መጣ። «ደስ ብሎሽ ነው?»

«ገና አላውቅም። ግን ኑ።»

ሲነሡ ሲያርፉ የነበሩት ተረከዞች በዚያ በጋለ አሸዋ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዲሄድ ደግማ መናገር ነበረባት፤ ስትደግምለት እየሳቀች ነበር።